«ረሳሁት፣ ሲስተር»

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩና ፍሬዎቹን በጣቴ ሁለት ሁለት እያደረግኩ ቆጠርኩ። 9 ተርፏል። በዚያ ቀን ባዶ መሆን ነበረበት።

«ምነው?» አልኳት።

«ረሳሁት፣ ሲስተር።»

ኤአርቲ ክፍል፣ ማለትም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል፣ 11 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከ2002 እስከ 2013 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ያለ ጤና ጣቢያ ነው፣ ስሙን ተዉት። የሰዎቹንም ታሪክ ማንም እንዳይለያቸው እዚህም እዚያም ቀይሬዋለሁ። በነዚያ ዓመታት «ረሳሁት»ን የሰማሁትን ያህል የገዛ ስሜን የሰማሁ አይመስለኝም። (ስሜንማ ማን ይጠራዋል፣ ለሁሉም «ሲስተር» ነኝ።)

መጀመሪያ አምን ነበር። ሰው ነው፣ ይረሳል። ቅጹም ቢሆን የሚያውቀው ቁጥሩን ነው፤ ከ30 ፍሬ እስከ 2 ካመለጠ «ጥሩ»፣ ከ3 እስከ 5 «መካከለኛ»፣ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «ደካማ» ብለን እንሞላለን። ይቺ ሴት በ9 ፍሬ ደካማ ሆነች። ስለዚህ የተማርኩትን መከርኳት፦ ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ፣ ከጥርስ ብሩሽሽ አጠገብ አስቀምጪው፣ ማታ ከምታዪው ድራማ ጋር አያይዢው። «እሺ» አለች። በወሩ 8 ተርፎ መጣ።

ያኔ ተቆጣኋት። ልጆችሽን ማን ሊያሳድግልሽ ነው፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን ከለመደ በኋላ ምን ልሰጥሽ ነው፣ ይሄንን ሁሉ አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። «እሺ» አለች እንደገና። ስትወጣ ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ ክረምት ነበር። ዝናቡ ሰዉን አስቀርቶት ክፍሉ ባዶ ነው፣ ወረፋ የለም፣ ሻይ ይዤያለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «ለምን ረሳሽ?» ማለት ሰለቸኝና «ብልቃጡን ግን የት ነው የምታስቀምጪው?» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ባሏ አለ፣ ሁለት ልጆች አሉ፣ አማቷ ደግሞ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከገጠር መጥተው እዚያው ቀርተዋል። ባልየው ያውቃል፣ እሱም ይወስዳል፤ ግን ሥራው መንገድ ላይ ነው፣ ብልቃጡ መኪናው ውስጥ ይውላል ያድራል። አማትየው አያውቁም። መጀመሪያ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ቀብራው ነበር፤ አማት ወጥ መሥራት ሲጀምሩ አወጣችው። ፍራሽ ሥር ከተተችው፤ ልጆቹ ሲዘሉበት ይንኳኳል። (የዚህ መድኃኒት ብልቃጥ ሲንኳኳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስለው። ጥጥ የሚጠቀጥቁበት ብዙ ናቸው።) በመጨረሻ የጤፍ ጆንያ ውስጥ ገባ። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ጆንያው ዘንድ ሄዳ፣ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ፣ ፍሬዋን በጭብጧ ይዛ፣ ወደ ግቢው የጋራ ሽንት ቤት መሄድ አለባት። እዚያ ውኃ የለም። ውኃ ይዛ ብትሄድ ደግሞ ጎረቤት ያያል። ያቺ ትልቅ ኪኒን በምራቅ ትዋጣለች። አማት ጆንያው ላይ ተደግፈው ሲጸልዩ ያመሹ ቀን፣ መብራት ጠፍቶ ሁሉም አንድ ሻማ ዙሪያ የተሰበሰበ ቀን፣ እንግዳ ያደረ ቀን፣ አለቀ።

እነዚያን 9 ሌሊቶች አንዱንም አልረሳችም። እያንዳንዱን ሌሊት ጆንያውን እያየች ነው ያደረችው።

እኔ ደግሞ አላርም ሙዪ ብያታለሁ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኳ ሲጮህ አማቷ «ምንድን ነው ይሄ?» ቢሏት ምን እንድትል ነበር?

ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉንም «የት ነው የምታስቀምጠው?» ማለት ጀመርኩ። የሰማሁትን ብጽፍ አያልቅም። መድኃኒቱን መዋጥ አምስት ሴኮንድ ነው፤ መደበቁ ግን የሙሉ ቀን ሥራ ነው፣ እሑድ የለው፣ ዓመት በዓል የለው። ሰዎች የሚደክሙት በዚህ ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ። መድኃኒቱ ሀገራችን ውስጥ በ1995 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር በክፍያ ነበር። በ1997 ነፃ ሆነ። ከዚያ በፊት ቤት የሸጡ፣ ተበድረው ሁለት ወር ወስደው ሦስተኛው ወር ላይ ያቆሙ ሰዎች እንደነበሩ ቀድመውኝ የነበሩት ነርሶች ይነግሩኛል። ሥራ ስጀምር ችግሩ ገንዘብ አልነበረም። ችግሩ ፊት ነበር።

ስታቩዲን የሚባል መድኃኒት ነበረ። ሕይወት አድኗል፣ አልክድም፤ በቃሬዛ የመጣ ሰው በስድስት ወሩ በእግሩ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ዓመት ሁለት ዓመት ሲወሰድ ስቡን ከጉንጭ፣ ከእግርና ከመቀመጫ ያሟጥጣል። ጉንጭ ይሰረጉዳል፣ የእግር ሥር ይጋተራል። አንዳንዱን ደግሞ ውስጥ እግሩን እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ሰፈር ውስጥ ያንን ፊት የማያውቅ አልነበረም። አንዲት የቡና ነጋዴ «ሲስተር፣ በሽታው እንኳን ዝም ብሎኝ ነበር፣ መድኃኒቱ አሳበቀብኝ» ያለችኝን አልረሳውም። ቡናዋን የሚጠጣ ጠፋ። መድኃኒቱን አቆመች። ፊቷ ግን አልተመለሰላትም።

አሳበቀብኝ። ከዚህ የተሻለ ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ቀጥሎ የመጣው በቀን አንዴ፣ ማታ የሚወሰደው ኪኒን ነው፤ ውስጡ ኢፋቪሬንዝ ያለበት። ፊት አያበላሽም። ነገር ግን ያዞራል፣ ሕልሙ ደግሞ ጉድ ነው። ሲተኙ እንዲወሰድ የምንመክረው ለዚህ ነበር። አንድ ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፣ በ60ዎቹ ያሉ፣ ቀጠሮ አክባሪ። ግን ሁልጊዜ ግማሹ ይተርፋል። «ረሳሁት» ይላሉ እሳቸውም። «ጋሼ፣ ሥራዎ ስንት ሰዓት ነው?» ስላቸው ነው ነገሩ የወጣው። አንድ ቀን ሳይተኙ ያድራሉ፣ አንድ ቀን ያርፋሉ። ተረኛ በሆኑበት ሌሊት ከዋጡት ግድግዳው ይዞርባቸዋል። አንዴ ወድቀው ባልደረባቸው «ጠጥተህ ነው?» ብሏቸዋል። እውነቱን ከሚናገሩ ጠጪ መባሉን መረጡ፣ ከዚያ ግን በተረኝነት ቀን መዋጡን ተዉት። ግማሹ የተረፈው በስንፍና አልነበረም፤ ልክ እንደ ፈረቃቸው አንድ ቀን እየዘለሉ ነው። ሒሳቡን ብሠራው ኖሮ ከመጀመሪያው ወር ይገባኝ ነበር።

አሁን ጥሩ መድኃኒት መጥቷል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ቀስ በቀስ ሰዉ ዶሉቴግራቪር ወዳለበት ኪኒን ተዛውሯል። በቀን አንድ ፍሬ ነው፣ ጠዋትም ይሁን ማታ፣ ተበልቶም ሳይበላም። ለጿሚ ይመቻል፣ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ማድረግ ይቻላል። እንደ ድሮው ሁለት ሦስት ቀን ስላመለጠ ቶሎ ቫይረሱ የሚለምደው ዓይነት አይደለም፣ ጠንካራ ነው። (አንድ ነገር ግን፦ የጨጓራ ሽሮፕ ወይም የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ አብራችሁ አትዋጡት፣ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ኪኒኑ ከጨጓራው መድኃኒት 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ። የብረትና የካልሲየም ኪኒንም እንዲሁ ነው፣ እነሱን ግን ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ መውሰድ ይቻላል። ይሄንን ሳይነገራቸው የሄዱ ብዙ ናቸው።)

ታዲያ መድኃኒቱ ይሄን ያህል ከቀለለ ሰው ለምን ያቆማል?

ለስድስት ወር በአንዴ የሚሰጥ አሠራር መጣ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ። ጥሩ ነው፣ ደስ አለን። ሰው በየወሩ ከሥራ ፈቃድ እየለመነ መምጣቱ ቀረለት። በተለይ ሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ ልጆች እፎይ የሚያሰኝ መስሎኝ ነበር። አንዷ ግን «ሲስተር፣ የአንድ ወሩን ስጪኝ» አለችኝ። ዓመት ከምናምን ቁጥሯ ያማረ፣ ስድስት ወር የሚገባት ልጅ ናት። «ለምን?» አልኳት። የምትተኛው ኩሽና ውስጥ ነው። ያላት ንብረት አንድ ሻንጣ ነው፣ እመቤቲቱ ዕቃ የጠፋ ሲመስላት የምትፈትሸው። አንድ ብልቃጥ ጡት መያዣዋ ውስጥ ይደበቃል። ስድስት ብልቃጥ የት ይገባል?

እኛ ስድስት ወር ስንሰጥ ቤት ያለው ሰው ነበር የታሰበን።

አማቷ ቤት ያሉባት ሴት ጋር እመለሳለሁ፣ ግን መጀመሪያ ልጆቹን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እነሱን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይገላበጣል። ከናታቸው ማኅፀን ወይም ከጡት ቫይረሱ የያዛቸው ልጆች አሉ፣ አሁን ጎረምሶች ናቸው። ብዙዎቹ የሚያሳድጓቸው አያቶች ወይም አክስቶች ናቸው። «ይሄ ኪኒን የምንድን ነው?» ሲሉ «የሳንባ ነው»፣ «የልብ ነው»፣ «ቫይታሚን ነው» ይባላሉ። አያትየውን አልወቅስም፣ ልጇን ቀብራ የልጅ ልጅ የምታሳድግ ሴት «አንተም» ብላ ለመናገር ከየት አባቷ አንደበት ታምጣ። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ግን የብልቃጡን ስም በጎረቤት ስልክ ጎግል አደረገው። ለማንም አልተናገረም። በየማታው አያቱ ፊት አፉ ውስጥ ይከትና ዞር ሲል ይተፋዋል። ለፋሲካ ቤት ሊጸዳ ቁም ሳጥኑ ሲገፋ ከኋላው ክምር ኪኒን ተገኘ። አያትየው ያንን በፌስታል ይዛ መጣች። ልጁን ብቻውን አስቀምጬ ሳናግረው ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «እነሱ ይዋሹኛል፣ እኔም ዋሸኋቸው።»

ሌሎቹ ደግሞ አድገው ዩኒቨርሲቲ ይመደባሉ። ከቤት ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው፣ አንድ ዶርም ውስጥ ከማያውቋቸው ልጆች ጋር። እዚያ ሰው የሌላውን ሎከር ከፍቶ ብስኩት ይበላል። ስለዚህ ኪኒኑን ወደ ቫይታሚን ዕቃ ይገለብጡታል። ብልቃጡ ውስጥ ያለችውን እርጥበት መምጠጫ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ገልብጡ እንላለን፣ መቼም ሌላ ምን እንበል።

ስለ ጠበል ልጻፍ ወይስ ልተው ብዬ ብዙ አሰብኩ። እኔም ጠበል እጠመቃለሁ፣ ስለዚህ ከውጭ ሆኜ አይደለም የምናገረው። እንጦጦ ማርያም በአንድ ወቅት ስንት ሺህ ሰው እንደነበረ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቃል። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል፣ ይሄ ብዙ ሰው አድኗል ብዬ አምናለሁ። ግን ጠበል ቦታ ሄዳችሁ አድራችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ጎን ለጎን ይተኛል። እዚያ መሀል ኪኒን ስታወጡ የሚያያችሁ ሰው በሽታችሁን ብቻ አይደለም የሚያውቀው፣ እምነታችሁንም ይመዝናል። ስለዚህ ከሰውም ከእግዜርም መደበቅ ይመጣል። ያኔ ብዙዎች ይተዉታል። ደግሞ ወዲያው ምንም አይሆኑም፣ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ካቆሙ በኋላ ቫይረሱ ደም ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል፣ ሰውነት ግን ወራት፣ አንዳንዴ ዓመት ሳይሰማው ይቆያል። «ድኛለሁ» ይላል ሰውየው፣ እውነትም ደህና ነው። የመጣ ጊዜ በቲቢ ወይም በማጅራት ገትር ይመጣል።

ዓረብ ሀገርም አለ። የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ለሥራ የሚመጣን ሰው ይመረምራሉ፣ ቫይረሱ ያለበት ሜዲካል አያልፍም፣ እዚያ እያለ ከተገኘበትም ይመልሱታል። በኤጀንሲ ያልሆነላት በጅቡቲ በኩል በባሕር ትሄዳለች። የሦስት ወር ኪኒን ልብሷ ውስጥ ሰፍታ የሄደች ልጅ ነበረችኝ። ሦስት ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሪያድ ውስጥ ማንን ትጠይቅ?

ጦርነቱን አላነሳሁም። ትግራይ ውስጥ፣ ሌላም ቦታ፣ ጤና ጣቢያ ሲወድምና ሲዘረፍ ሰዎች መድኃኒት ያቋረጡት ምንም ስለደበቁ አይደለም፣ የሚወስዱት ስለጠፋ ነው። ያ ሌላ ጽሑፍ ነው፣ በሱ ላይ ከኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ከሁሉም በላይ ሰው ያስቀረው የኛ ቁጣ ነው ብል የሥራ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል። ይቀየሙ። አንድ ሰው ለቅሶ ገጠር ይሄዳል፣ ቀጠሮው በሦስት ቀን ያልፈዋል። ሦስት ቀን ምንም አይደለም። ግን ሲመጣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ «የት ነበርክ?» እንደሚባል ያውቃል። ስለዚህ «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። ሳምንቱ ሲያልፍ ቁጣው በሐሳቡ ይበልጥ ይከብዳል። ወር ሲሆነው ደግሞ በምን ፊቱ። በኛ መዝገብ «ጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። እንደውላለን፣ ስልኩ የሌላ ሰው ነው፣ ስሙም የሱ አይደለም፣ የቤት ቁጥሩም የለም፤ ሲመዘገብ ጀምሮ ነው የደበቀው። ሰው ልከን ብናፈላልግ ደግሞ ፈላጊዋን ሰፈር ሁሉ ያውቃታል፣ የማን በር እንዳንኳኳች ይቆጠራል።

ተመልሰው የመጡትን ደግሞ ምን አደረግናቸው? ቫይራል ሎዱ፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ከፍ ካለ ለሦስት ወር በየወሩ እየመጣ ምክር እንዲሰማ እናደርጋለን። ምክሩ ጥሩ ከሆነ ይረዳል፣ ያየሁትን ነው የምላችሁ፤ ቁጣ ከሆነ ግን ሦስት ወር ሙሉ ፈቃድ ለምኖ ሊሰደብ መምጣት ነው።

በአንጻሩ ብዙ ሰው ቀና ያደረገ ነገር ልንገራችሁ። መድኃኒቱን እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም። ይሄንን እኛ ራሳችን ለብዙ ዓመት ጮክ ብለን አንናገርም ነበር፣ ሰዉ ይዘናጋል ብለን ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ጋሼ ኪኒኑ ወደ ጠዋት ከተቀየረላቸው በኋላ ቫይራል ሎዳቸው የማይታይ ሆነ። ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲህ ሚስቴ አጠገብ ልተኛ?» አሉኝ። ስንት ዓመት ወለል ላይ ሲተኙ እንደኖሩ ያኔ ነው ያወቅኩት። ተበሳጭቼ አለቀስኩ፣ በሳቸው አይደለም።

ወደ ጤፍ ጆንያዋ ሴት።

በዚያ ዝናብ ቀን አንድ ላይ ቁጭ ብለን መላ መታን። መላውን ያመጣችው እሷ ናት፣ እኔ ሻይ ነው ያፈሰስኩላት። ብልቃጡ ጆንያው ውስጥ ይቆያል። እሑድ ጠዋት አማት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰባት ፍሬ አውጥታ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። ነጠላዋን ማንም አይነካም፣ ብትለብሰው ማንም አይጠረጥርም፣ ማታ ውኃ ስትጠጣ አንዱን መፍታት ነው። ፋርማሲስቶች እንዲህ እንዲቀመጥ አይመክሩም፣ አውቃለሁ። ለሳምንት ነው፣ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሯ ልክ መጣ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አምስት ወር። በስድስተኛው ወር ብልቃጡን ስገለብጠው 5 ፍሬ መኖር ነበረበት፣ ቀጠሮዋን ቀድማ ነው የመጣችው። ቆጠርኩ። 3 ነው። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ሁለት ጎደለ» አልኳት። በሥራ ዘመኔ ተርፎ እንጂ ጎድሎ አይቼ አላውቅም።

ነጠላዋን መነካካት ጀመረች። «ጎረቤቴ አለቀባት» አለች። «ቀጠሮዋ አልፏት ነው። እስክትመጣ ብዬ ሁለት ሰጠኋት።»

መድኃኒት ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ነው። ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታም አለው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩት።

«ስንት ቀን ሆናት?»

«አሥራ አንድ።»

«ታዲያ ለምን አትመጣም?»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ወደኔ።

«ውጭ ናት፣ ሲስተር። አትቆጪያትም አይደል?»